ከሕያው ፍጥረት መማር ቅንጦት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ በምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ በጥሞና አነበብኩት። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዳዲስ ሴንሰሮችንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ከእንስሳትና ከዕፅዋት አሠራር ተነሥቶ መሥራት የሚባለው ለጋዜጣ የሚመች ወሬ እንጂ እውነተኛ ምህንድስና አይደለም፤ ኤሌክትሮኒክስ የተገኘው ከፊዚክስና ከሒሳብ ብቻ ነው፤ አውሮፕላን ክንፉን ሳያርገበግብ እንደሚበር ሁሉ ጥሩ መሐንዲስም ተፈጥሮን አይኮርጅም፤ የነርቭ ሕዋስ ከትራንዚስተር (በቺፕ ውስጥ ካለው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበትና የቺፕ ላቦራቶሪ በሌለበት አገር የመመረቂያ ሥራን በጥንዚዛና በዝንብ ላይ ማዋል ቅንጦት ነው። ጸሐፊው በሙያቸው የበሰሉ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ለተማሪዎቻችን ማሰባቸውም ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ይህን ምክር ተቀብለው ቢቀመጡ የሚያጡት ነገር ብዙ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። እኔ የሕክምና መሣሪያዎችን በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በየዕለቱ በእጄ የሚያልፉት መሣሪያዎችም ጸሐፊው የለም ያሉትን ነገር መኖሩን ይመሰክራሉ። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ የመጀመሪያና ዋና ክርክር፣ ከሕያው አካል ጥናት ተነሥቶ በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለ አንድም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የለም የሚለው ነው። ይህ ከታሪክ ጋር አይስማማም። ኤሌክትሮኒክስ ይቅርና፣ ኤሌክትሪክን በፈለግነው ሰዓት እንድናገኝ ያስቻለን የመጀመሪያው ባትሪ እንኳ የመጣው በእንስሳት አካል ላይ ከተነሣ ክርክር ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ መወራጨቱን አይቶ ግኝቱን በ1791 አሳተመ፤ የአገሩ ሰው አሌሳንድሮ ቮልታ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የመነጨው ከእንስሳው ሳይሆን ከሁለቱ የተለያዩ ብረቶች ነው ብሎ ተከራከረው። ቮልታ በ1800 ክብ የብረት ዝርጎችን በጨው ውኃ ከራሰ ካርቶን ጋር እያፈራረቀ ደርድሮ ባትሪውን ሲያስተዋውቅ መሣሪያውን ያመሳሰለው ቶርፔዶ ከሚባለው ኤሌክትሪክ አመንጪ ዓሣ ጋር ነበር፤ በዚያ ዓሣ አካል ውስጥ ስስ ዝርጎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ይገኛሉና። ስለዚህ ፊዚክስና ሕይወት ጥናት ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የሄዱ ናቸው፤ ጸሐፊው በመካከላቸው ያቆሙትን አጥር ቮልታ ራሱ አያውቀውም።

ወደ ኤሌክትሮኒክስ ስንመጣ ከዚህ የቀረበ ምስክር አለ። ኦቶ ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ነርቭ ያጠና ነበር። ነርቭ የሚደርሰው ምልክት ከተወሰነ ወሰን በታች ከሆነ ምንም ምላሽ አይሰጥም፤ ወሰኑን ሲያልፍ ግን ምልክቱን በሙሉ ኃይሉ ያስተላልፋል፤ በመካከል ግማሽ መልስ የለም። ሽሚት ይህን ጠባይ በቫኪዩም ቱቦ ሰርኪዩት ለመድገም ሞክሮ ተሳካለት፤ ሥራውንም በ1938 አሳተመ። ዛሬ በስሙ ሽሚት ትሪገር የምንለው ሰርኪዩት ይኸው ነው፤ ባዮሚሜቲክስ (ከሕያው ፍጥረት ተምሮ መሥራት) የሚለውን ስያሜ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው። ጸሐፊው በክፍላቸው ተማሪዎችን ሲያስተምሩ 7414 የሚባለውን ቺፕ ሳይጠቀሙ የቀሩበት ዓመት ያለ አይመስለኝም፤ በዚያች ጥቁር ዕቃ ውስጥ ስድስት ሽሚት ትሪገሮች አሉ።

ይህ ሰርኪዩት ምን እንደሚጠቅም በሥራ ላይ ላየው ሰው ግልጽ ነው። የግሉኮስ ወይም የመድኃኒት ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥ ፓምፕ የሚወርዱትን ጠብታዎች የሚቆጥረው ከአንድ ወገን ብርሃን ልኮ፣ ጠብታዋ በመካከል ስታልፍ ብርሃኑ ሲቋረጥ በማየት ነው። ነገር ግን ከብርሃን ተቀባዩ የሚወጣው ቮልቴጅ ንጹሕ ሆኖ አይወርድም፤ ከሞተሩና ከክፍሉ መብራት የሚመጣ ረብሻ ስለሚጨመርበት እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወርደው። አንድ ወሰን ብቻ ያለው ሰርኪዩት ቢገጠምለት ያን መንቀጥቀጥ እንደ ሁለትና ሦስት ጠብታ ይቆጥረዋል። 7414 ቺፕ ግን በ5 ቮልት ሲሠራ ግብዓቱ ወደ 1.7 ቮልት ገደማ ሲወጣ ይገለበጣል፤ ተመልሶ የሚገለበጠው ደግሞ ወደ 0.9 ቮልት ገደማ ሲወርድ ብቻ ነው። በመካከል ባለው የ0.8 ቮልት ክፍተት ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ ሁሉ ችላ ይባላል፤ አንዷ ጠብታም አንድ ተብላ ትቆጠራለች። የስኩዊድ ነርቭ ጥናት ጎንደር ውስጥ ለተኛ ታማሚ ምን ፈየደ ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የስኳር መለኪያ ነው። ስትሪፑን፣ ማለትም የደሙ ጠብታ የሚነካውን ስስ ቁራጭ፣ በብርሃን ላይ አድርጎ ላየው ሰው ከጫፉ እስከ ሥሩ የተዘረጉ ስስ የካርቦን ወይም የወርቅ መስመሮች ይታዩታል። የደሙ ጠብታ ጫፉን ሲነካ በጠባቡ መግቢያ በራሱ ይሳባል፤ እዚያ ደርቆ የሚጠብቀው ኢንዛይም በደም ውስጥ ካለው ስፍር ቁጥር የሌለው ንጥረ ነገር መካከል ግሉኮስን ለይቶ ኤሌክትሮን ይወስድበታል፤ ኤሌክትሮኑም በሌላ አሸጋጋሪ ኬሚካል በኩል ወደ መስመሩ ይደርሳል፤ መሣሪያው ደግሞ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያንን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በብዙ ስትሪፖች ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚገኘው ከሻጋታ ነው። ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጣመሩን ሐሳብ ሊላንድ ክላርክና ባልደረባው ላየንስ በ1962 ባያቀርቡት ኖሮ የስኳር ታማሚዎቻችን ዛሬም ውጤት ለማወቅ የላቦራቶሪ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጸሐፊው ይህ የሕያው ነገርን አካል መጠቀም እንጂ ከእርሱ መማር አይደለም ሊሉ ይችላሉ፤ ልዩነቱም እውነት ነው። ሽሚት የወሰደው የነርቭን ጠባይ ነው፤ ክላርክ የወሰደው ራሱን ኢንዛይሙን ነው። ሆኖም ሁለቱም የጀመሩት አንድ ሕያው ነገር አንድን ምልክት ከብዙ ረብሻ መካከል እንዴት እንደሚለይ በመጠየቅ ነው፤ ጽሑፉ የሚያጣጥለውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልም፤ ክርክሩ የተለመደ ነው፣ ግማሹም ትክክል ነው። አውሮፕላን ክንፉን አያርገበግብም። ነገር ግን በ1903 የበረሩት የራይት ወንድማማቾች ከእነርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች ያልፈቱትን ችግር፣ ማለትም አውሮፕላኑ በአየር ላይ ወደ ጎን ሲያዘነብል መልሶ የማስተካከልን ችግር የፈቱት፣ አሞሮች ሚዛናቸውን ሲስቱ የክንፋቸውን ጫፍ ጠምዘዝ አድርገው እንደሚመለሱ በማስተዋል ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላናቸው ክንፍም በገመድ የሚጠመዘዝ ነበር። ከወፍ የተወሰደው ላባውና መርገብገቡ ሳይሆን የመቆጣጠሪያው መርሕ ነው። ጸሐፊው ለክርክራቸው የጠሩት ምስክር ስለዚህ ለእኔም የሚመሰክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከሕያው ነገር እንማር የሚሉ መሐንዲሶች ሁሉ የሚሉት መልኩን ቅዱ ሳይሆን ችግሩን የፈታበትን መንገድ እዩ ነውና።

ሦስተኛው ነጥብ የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ አንባቢን ያሳመነው ክፍል ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የነርቭ ሕዋስ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ጊዜ በላይ ምልክት እንደማይለቅ፣ ትራንዚስተር ግን በሰከንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ እንደሚበራና እንደሚጠፋ መጻፋቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የዘነጉት የሒሳቡ ሌላ ገጽ አለ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳቱን ይዞ የሚሠራው 20 ዋት አካባቢ በሚሆን ኃይል ነው፤ ይህም ከአንዲት ደካማ አምፖል ያነሰ ነው። በዝግታ እየሠራ ይህን ያህል ኃይል የቆጠበ አካል ምን እያደረገ እንደሆነ መጠየቅ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ይህን ጥያቄ ከልብ ከያዙት አንዱ ካልቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ካርቨር ሚድ ነው፤ ኒውሮሞርፊክ የሚባለውን፣ የነርቭን አሠራር በቺፕ ላይ የሚከተለውን የምህንድስና ዘርፍ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው እርሱ ነው። ተማሪው ሚሻ ማሃዋልድ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በባዮሎጂ ያገኘች ወጣት ነበረች፤ ከእርሱ ጋር ሆና የሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ አሠራር የሚከተል የሲሊከን ቺፕ ሠራች። ሬቲና በእያንዳንዱ ቅጽበት ያየውን ሁሉ ወደ አንጎል አይልክም። በሰው ዓይን ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩ ወደ አንጎል የሚወስዱት የነርቭ ክሮች ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሬቲና የተለወጠውን መርጦ፣ ያልተለወጠውን ትቶ መላክ አለበት። የተለመደው ካሜራ በየሰላሳኛው የሰከንድ ክፍልፋይ እየመጣ «ምንም አልተለወጠም» እያለ ሙሉ ሪፖርት የሚያቀርብ ዘበኛ ነው፤ ሬቲና ግን አጥሩ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚጣራ ዘበኛ ነው።

ከዚያ ሥራ የመጣው ልዩ ካሜራ በ2008 በዙሪክ ተመራማሪዎች ሲቀርብ እያንዳንዱ የምስል ነጥብ የብርሃን ለውጥ ሲያይ ብቻ ለብቻው ምልክት ይልክ ነበር። የምላሽ ጊዜው በማይክሮሰከንድ የሚለካ ነው፤ የሚፈጀው ኃይል በሚሊዋት ነው፤ ደማቅ ፀሐይና ጥላ ባሉበት ቦታ ተራ ካሜራ ሲታወር እርሱ ሁለቱንም ያያል። እዚህ ላይ የቀርፋፋውን ነርቭ መርሕ የያዘው መሣሪያ ፈጣኑን ካሜራ በፍጥነትም በኃይል ቁጠባም ቀድሞታል። አይቢኤም በ2014 ያወጣው ትሩኖርዝ የተባለ ቺፕም አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮችንና 256 ሚሊዮን መገናኛዎችን ይዞ 70 ሚሊዋት አካባቢ ብቻ ይፈጅ ነበር። ጸሐፊው ስልካቸው ፊታቸውን ለይቶ ሲከፈትላቸው ከበስተጀርባ ያለው ስሌት የዘር ሐረጉ ወደ ድመት አንጎል ጥናት ይመዘዛል፤ የነርቭ ተመራማሪዎቹ ሂዩበልና ዊዝል የድመትን የማየት አካል አጥንተው ያገኙትን ጃፓናዊው ፉኩሺማ በ1980 ኒዮኮግኒትሮን ወዳለው የኮምፒውተር ሞዴል ለወጠው፤ የዛሬዎቹ የምስል ለይቶ ማወቂያ ሥርዓቶች ብዙውን ነገር የወረሱት ከዚያ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ በጣም የምወደው ስለሆነ ልዘለው አልቻልኩም። ኦርሚያ ኦክራሲያ የምትባል በአሜሪካ አህጉር የምትኖር ትንሽ ዝንብ አለች። የምትራባው ፌንጣ መሰል ነፍሳትን ዜማ በጨለማ ተከትላ፣ እጮቿን በላያቸው ላይ አራግፋ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቿ በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚራራቁ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ቢበዛ 1.5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህን የሚለይ ነርቭ የለም። ሆኖም ዝንቧ የድምፁን አቅጣጫ በ2 ዲግሪ ስሕተት ውስጥ ታውቃለች። ሚስጥሩ ሁለቱን የጆሮ ታምቡሮች የሚያገናኝ ጠንካራ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ በመካከሉ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ጥቃቅኗን የጊዜ ልዩነት በብዙ እጥፍ ያጎላታል። ስሌቱን የሚሠራው ነርቭ ሳይሆን የአካሉ ቅርጽ ነው። ይህ በ1995 ከታወቀ በኋላ መሐንዲሶች በዚያው መርሕ ትንንሽ አቅጣጫ ለይ ማይክሮፎኖችን ሠርተዋል፤ የመስሚያ መርጃ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ በጫጫታ መካከል የፊት ለፊቱን ሰው ድምፅ ለይቶ መስማት ዋነኛ ችግሩ ነው።

ጸሐፊው በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ በዚህ ዘርፍ ስም የሚነገሩ የተጋነኑ ታሪኮች አሉ። ራዳርና ሶናር ከሌሊት ወፍ ተቀድተዋል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ላንዥቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር ውስጥ ማሚቶን ለሰርጓጅ መርከብ ማደኛ ሲጠቀም፣ የሌሊት ወፍ ከሰው ጆሮ በላይ በሆነ ድምፅ መንገዷን እንደምታገኝ ገና አልታወቀም ነበር፤ ግሪፊንና ፒርስ ያን ድምፅ ያገኙት በ1938 ነው፤ መንገዷን የምታገኝበት መሆኑ የተረጋገጠውም ከዚያ በኋላ ነው። የሞርፎ ቢራቢሮን የክንፍ ቀለም መርሕ ተከትሎ ኳልኮም የሠራው ሚራሶል የተባለ የስክሪን ቴክኖሎጂም በገበያ አልዘለቀም። ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው፤ ስለ ሽሚትና ስለ ክላርክ ዝም ማለታቸው ግን ተገቢ አልነበረም።

የቀረው ቅንጦት ነው የሚለው ነጥብ ነው፤ እኔን በቀጥታ የነካኝም ይህ ነው። በጥንዚዛ ላይ የተጻፈውን በማሾፍ ጠቅሰዋል። ያ ጥንዚዛ ሜላኖፊላ የሚባለው ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ገና በተቃጠለ ዛፍ ላይ ስለሆነ እሳትን ከሩቅ ፈልጎ ይሄዳል። በመካከለኛ እግሮቹ አጠገብ ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ ከእሳት የሚመጣውን የሙቀት ጨረር የሚቀበሉ ጥቃቅን ሉሎች አሉ፤ ጨረሩ ሲያርፍባቸው በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሞቆ ይለጠጥና አጠገቡ ያለውን ነርቭ ይነካል። ይህን የመረመሩት የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ መርሕ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው የሙቀት ጨረር ሴንሰር ለመሥራት ሲደክሙ ቆይተዋል። በ2019 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለመቆጣጠር ሄሊኮፕተር ከውጭ እስኪመጣ መጠበቃችንን እዚህ አገር የማያስታውስ የለም። ርካሽ የእሳት ማወቂያ ለማን ነው ቅንጦት የሚሆነው?

የወባውን ጉዳይ ደግሞ እንመልከት። ጸሐፊው «የእኛ ችግር ወባ ነው እንጂ የነፍሳት ጆሮ አይደለም» ይላሉ። በደምቢያ ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጣት ደም ወስዳ የምትጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው፣ የእንስሳት ሰውነት በሽታን ለመከላከል በሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ አካል የወባ ተሕዋሲው የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ሲይዝ በስትሪፑ ላይ መስመር ይታያል። ነገር ግን አማራ ክልልን ጨምሮ በአገራችን ይህን ፕሮቲን የማያመርቱ ተሕዋስያን ተገኝተዋል፤ ታማሚው ወባ ይዞት ሳለ መስመሩ ላይታይ ይችላል ማለት ነው። ቀጣዩን የተሻለ መመርመሪያ ሊሠራ የሚችለው ተሕዋሲው ምን እንደለወጠ የሚገባው መሐንዲስ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ተቋም ነው፤ ምህንድስናው የመጣው ከሕክምናው ብዙ ዘግይቶ ነው። በዚህ ከተማ የምህንድስና ተማሪ ተሕዋስያንን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ብዙ የሠለጠኑ አገሮች ተማሪዎች የሌላቸውን ይህን ጎረቤትነት ጸሐፊው ከቁጥር ባያስገቡት ያሳዝናል።

የቺፕ ፋብሪካ የለንም መባሉ ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ሥራ ፋብሪካ አይጠይቅም። የሬቲናን መርሕ አርዱኢኖ በሚባል ፕሮግራም በሚጻፍበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ በጥቂት መስመር ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፦ የአንገረብን ግድብ የውኃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር በየደቂቃው ከመላክ ይልቅ ለውጥ ሲያይ ብቻ እንዲልክ ማድረግ። በባትሪ ከሚሠራ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል የሚበላው የሬዲዮ መላኪያው ስለሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

ለመመረቂያ ሥራ የሚሆን ሌላ ርዕስም ላቅርብ፤ ጸሐፊው ከተስማሙ አብሬአቸው ብሠራው ደስ ይለኛል። በግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚሠራ ስትሪፕ ላይ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከአሸጋጋሪው ኬሚካል ጋር ኤሌክትሮን ይሻማል፤ ስለዚህ ኦክሲጅን ሲያንስ መሣሪያው ስኳሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደባርቅ ከዚያም ይበልጣል፤ መተማ ግን ቆላ ነው። እነዚህን ሦስት ቦታዎች አንድ ሰው በመኪና ሊያዳርሳቸው ይችላል። በየቦታው የሁለት ዓይነት ኢንዛይም ስትሪፖችን ውጤት፣ በዚያው ሰዓት ከተወሰደ ደም ከሚገኝ የላቦራቶሪ ውጤት ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም ልዩነት ከተገኘ ለከፍታው የሚሆን የእርማት ስሌት ለመሣሪያው ማዘጋጀት፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያና ከጥቂት ካርቶን ስትሪፕ በቀር ብዙ የሚጠይቀው ነገር የለም።